ከሦስት የሚያንስ ኤክስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ንግግር አደረገ። «መምህርት እታገኝ ሁሉም የሚወዳቸው፣ ሁሉም የሚያከብራቸው…» ሲል ዓይኔ በአዳራሹ ውስጥ መዞር ጀመረ። ሁሉም? ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው የፊዚክስ መምህር የእግዜር ሰላምታ ከነሳኝ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጋቢ አለበሱኝ፤ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፤ አጨበጨቡ። እኔም አመስግኜ ቤቴ ገባሁና ሰዓቱን ከመስቀሌ በፊት ከስልኬ ጋር አመሳከርኩት። ልክ ነበር። በማግስቱም አመሳከርኩት።

ጎረቤቶቼ «እታገኝ እኮ ተጠራጣሪ ናት» ይላሉ። አልክድም። ግን እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። የሒሳብ አስተማሪነት ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ ከሒሳቡም በላይ ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው። አሁን ልጆች ጥያቄውን በስልካቸው ፎቶ አንስተው መልሱን ከነአሠራሩ በሚያወጡበት ዘመን ጥርጣሬዬ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ቢሆንም ጥርጣሬ ራሱ ሲስት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ አይቻለሁ። እሱን ሳልጽፍ ዝም ብዬ መቀመጥ አልፈለግሁም።

ከማሠልጠኛ ተቋም እንደወጣሁ የተመደብኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ተነስቶ ሽቅብ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ ቀበሌ ነበር። የጫማዬ ተረከዝ በመጀመሪያው ሳምንት ተገነጠለ። ደመወዝ ለመቀበል በየወሩ ውጫሌ እወርዳለሁ፤ ፈርሜ፣ ሳሙናና ባትሪ ገዝቼ እመለሳለሁ። መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል አስተማርኩ። እዚያ ማንንም አልጠረጠርኩም። ወላጆች እርጎ ይልኩልኛል፤ እኔም እጠጣለሁ። በክረምት እየተማርኩ ደረጃዬን ሳሻሽል ወደ ውጫሌ ከተማ ተዛወርኩና ከፍ ያሉትን ክፍሎች ያዝኩ። ጋሽ ይመርን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሽ ይመር ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ጠመኔያቸውን በወረቀት ጠቅልለው በኪሳቸው ይይዛሉ፤ መምህራን ክፍል ካለው ካርቶን አይወስዱም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ጀርባቸውን ለተማሪ ሰጥተው አያውቁም፤ በጎን ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ክፍሉ ላይ ጥለው ነው የሚጽፉት። ገበያ አብረን ከወጣን ቅቤ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያጉረመርማሉ፤ ስንጥሩን እስከ ታች ሳይወጉ፣ መሃሉን ሳያሸቱ አይገዙማ። ወሬ የነገራቸው ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ «ማን አለ? ምን ሊያገኝ አለ?» ባለቤታቸው እትዬ ሰዓዳ «ወላሂ፣ ኒካሕ ያሰርን ዕለት እንኳ ሸኹን ሁለቴ አስደግሟቸዋል» እያለች ታስቀኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ስኩዌር ሩት ማቃለል እያስተማርኩ ነበር። የሃያ አምስት ስኩዌር ሩት አምስት መሆኑን አሳየሁ፤ ቀጥዬ √x² = x ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት። ሲደወል ጋሽ ይመር ከክፍሉ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ጠሩኝ።

«እታገኝ፣ ያ ኤክስ ማነው?»

«ማን ማለት?»

«ታውቂዋለሽ? ፖዘቲቭ ይሁን ኔጋቲቭ ጠይቀሽዋል?»

«ኤክስ ነው እንጂ ጋሼ፣ ሌላ ምን ይሆናል?»

«በማን ላይ ሞከርሽው?»

«በአምስት።»

«አምስት ጨዋ ነው። ጨዋ ላይ ሞክረሽ ሕግ አታውጪ። ኔጋቲቭ አምስትን አምጪው።»

አመጣሁት። ኔጋቲቭ አምስት በራሱ ሲባዛ ሃያ አምስት፤ የሃያ አምስት ስኩዌር ሩት አምስት። የገባው ኔጋቲቭ አምስት፣ የወጣው አምስት። እኔ «የገባው ራሱ ይወጣል» ብዬ ስድሳ ልጅ አስተምሬ ነው የወጣሁት።

«ፊደል ፊቱን አያሳይም» አሉኝ። «ማንነቱ እስኪታወቅ በሁለት ዘብ መሃል አቁሚው።» ዘብ የሚሉት የፍጹም ዋጋ ምልክት የሆኑትን ሁለት ቋሚ መስመሮች ነው። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያሰመርኩበትን አፍርሼ √x² = |x| ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍል ውስጥ ሳላስጠነቅቅ አላለፍኩም።

ዓመታት አብረን ሠራን። ሙያውን ከእሳቸው ተማርኩ፤ ጥቂት የራሴንም ጨመርኩ። ለምሳሌ የ√50x³ን አሠራር ሳስተምር ልጆቹን ሰሌዳው ፊት አቆማለሁ። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አምስት አምስት፣ ሦስቱ ኤክስ ይሆናሉ። በር ሠርቼ «ጥንድ ጥንዱ ተያይዞ ከሥሩ ምልክት ይውጣ፤ ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ነው የሚወጡት» እላለሁ። አምስቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጣሉ፤ ሁለት ኤክሶችም እንደዚሁ። ጥንድ ያጡት ሁለትና ኤክስ ውስጥ ይቀራሉ። መልሱ 5x√2x ይሆናል። እዚህ ላይ ዘብ አያስፈልግም፤ ኤክስ ኔጋቲቭ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም ስኩዌር ሩቱ ባልኖረ። ጋሽ ይመር ግን ይሄኛውም ላይ ዘቡን ያቆማሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ አያስፈልግም» ስላቸው፣

«ቢኖር ማንን ይጎዳል?» ይሉኛል።

ሒሳቡ ላይስ እውነትም ማንንም አይጎዳም።

ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛውረው የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሲሆኑ እኔም ጥቂት ቆይቼ ተከተልኳቸው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። ከደሴ ወልድያ መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ነፋስ ሲነሳ የሐይቁ ሽታ ክፍል ድረስ የሚመጣበት ነው። ተማሪዎቼ የገበሬ፣ የነጋዴና የዓሣ አጥማጅ ልጆች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ዘይነባ ናት።

ዘይነባ የዓሣ አጥማጁ የአያ እንድሪስ ልጅ ነበረች። ዝምተኛ፣ ሒሳብ የምትወድ፣ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ መጻፍ ግን ሞቷ የሆነ። «ዘይነባ፣ አሠራሩስ የታለ?» ስላት «ቲቸር፣ ውስጤ ሠርቼዋለሁ» ትለኛለች። ነጥብ እቀንስባታለሁ። በሚቀጥለውም ያንኑ ታደርጋለች። ሁሉንም ታገኛለች ማለቴ አይደለም፤ ትስታለች፤ ስትስትም ውስጧ ስለሆነ የቱ ጋ እንደሳተች አይታወቅም።

አንድ ዓመት፣ የመንፈቅ ዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሲደርስ፣ የሒሳቡ ፈተና ወጥቷል የሚል ወሬ ተነሳ። ማን እንዳመጣው አልታወቀም። በሳምንት ውስጥ የመምህራን ክፍል ሌላ ቦታ ሆነ። ሰው ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። መሳቢያ ሁሉ ቁልፍ ተበጀለት። የማባዣ ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ ጦቢያ ጠዋት ሰላም ስትል የሚመልስላት ጠፋ። ማጠናከሪያ የሚያስተምረው ወጣት መምህር አዲስ ጫማ አድርጎ ሲመጣ ሁላችንም ጫማውን አየን። እኔም አይቻለሁ።

ጋሽ ይመር ግን ወጥመድ አሰናዱ። ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። ቢሮዋቸው ጠርተው በሩን ዘጉና፣

«አንድ ጥያቄ ቀይሬያለሁ» አሉኝ። «√(x² − 6x + 9)ን አቃልሉ፤ ኤክስ ከሦስት ያንሳል። መልሱን ንገሪኝ።»

«ውስጡ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ በራሱ የተባዛ ነው። ኤክስ ከሦስት ስለሚያንስ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ ስለዚህ ተገልብጦ ሦስት ሲቀነስ ኤክስ።»

«እሰይ። መሳቢያዬ ውስጥ ያለው የመልስ ወረቀት ላይ ግን ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ብዬ አስቀምጫለሁ። ያንን የጻፈ መሳቢያዬን የከፈተ ነው።»

ደነገጥኩ። «ጋሼ፣ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት እኮ ልጆች ሁሉ የሚሳሳቱት ነው! እኔ ራሴ ያንን ስህተት ሳስተምር አይደል እንዴ ያገኙኝ?»

«የሚሳሳት ልጅ እየሠራ ነው የሚሳሳተው። አሠራሩን ትቶ መልሱን ብቻ የጻፈ ነው የሰረቀው።»

«ሠርቶ የማይጽፍም ልጅ አለ።»

«አንቺ ሰው ታምኛለሽ» አሉኝ፤ እንደ ስድብ ነው ያሉት።

ፈተናው ተሰጠ፤ ታረመ። ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ብለው የጻፉ ብዙ ነበሩ፤ እንዳልኩትም ከነአሠራራቸው የተሳሳቱ። አሠራር ሳይጽፍ መልሱን ብቻ ያስቀመጠ ግን አንድ ሰው ሆነ። ወረቀቱን ሳላገላብጥ የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ዘይነባን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት አቀረቧት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢ ነው፤ ጋሽ ይመር ይከሳሉ፤ እኔ የክፍሉ አስተማሪ ስለሆንኩ ተጠርቻለሁ። ልጅቱ ሻሿን አገጯ ሥር አጥብቃ ይዛ ቆማለች።

«ይህን መልስ ከየት አመጣሽው?» አላት ምክትሉ።

«ሠርቼ።»

«አሠራሩ የታለ?»

«ውስጤ።»

አንዱ ሳቀ። እኔ ተነሳሁና እንዲህ አልኩ፦ «እዚሁ እንፈትናት። ሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ ልስጣት። ኤክስ ከአምስት ያንሳል፤ √(x² − 10x + 25)።» ጠመኔ ሰጠኋት። ሰሌዳውን ትንሽ አየችና x − 5 ብላ ጻፈች።

ዞሬ አየኋቸው። «ይኸው! ይህን ጥያቄ አሁን ነው የፈጠርኩት፤ የማንም መሳቢያ ውስጥ የለም። ያው ስህተት ነው። የተሳሳተችው ራሷ ነች።»

ጋሽ ይመር ሰሌዳውን አፍጥጠው አዩ። የሆነ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምክትሉ ግን ቀደማቸው።

«አውቃ ቢሆንስ የተሳሳተችው? ይህን እንድትል የመከራት ሰው ሊኖር ይችላል።» ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነበር።

በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ከልጅቱ ተነስቶ እኔ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ብዙ ጊዜ ተጠራጥሬያለሁ፤ ተጠርጣሪ መሆን ምን እንደሚመስል ግን ያኔ ነው ያወቅሁት። ብትናገሪም ያው፣ ዝም ብትዪም ያው። ዘይነባ ሰሌዳው ላይ ልክ ብትሠራ ኖሮ «የፈተናውን መልስ ሰርቃ ነው»፤ ስትሳሳት «አውቃ ነው»። እጅ እየወጣ ድምፅ ተሰጠና ለዓመቱ ትታገድ ተባለ። ጋሽ ይመር እጃቸውን አላወጡም፤ አልተቃወሙምም።

በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ስሟን ከነአባቷ በድምፅ ማጉያ ጠርተው «ፈተና በመስረቅ» አሉ። ዘይነባ ከሰልፉ ወጥታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ያን ሁሉ ልጅ እያየች በበሩ ወጣች።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ሐይቁ ዳር፣ ሸምበቆው አጠገብ ነው። አያ እንድሪስ መረብ እየጠገነ ነበር፤ ቀና አላለም።

«እንዴት አደርክ አያ እንድሪስ?»

«አልሃምዱሊላህ። አንቺንስ ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይልካችሁ አትመጡም እናንተ።»

ዘይነባ ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አጽናናታለሁ» ብዬ ነበር የመጣሁት። «አይዞሽ ልጄ፣ እውነቱ ይወጣል» አልኳት።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«መልሱ ለምንድነው ስህተት የሆነው?»

ዓይኔን ወደ መረቡ መለስኩ።

«ስትከሱኝ ሁላችሁም ስህተት ነው አላችሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍም እርስዎ ‹ይኸው ስህተት› አሉ። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ማታ ማታ እሱን ነው የማስበው።»

በዚያ ኮሚቴ ውስጥ አራት አስተማሪ ነበርን። አንዲት ልጅ ፊታችን ቆማ ተሳስታለች፤ ስለ ስህተቷ ተከራከርን፤ ድምፅ ሰጠን፤ አራማት የሚባል ሰው ግን አልተገኘም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አልተሳካልኝም። እንደዚያ ቀን የወደቅንበት ግን የለም። ዕለቱን ልነግራት እችል ነበር፤ ግን መንገር ያለበት ሌላ ሰው መሰለኝ። «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ተነሳሁ። አያ እንድሪስ «እናያለን» አለ፤ እንደማያምነኝ እያሳወቀኝ።

ጋሽ ይመር ቤት ሄጄ ያለችውን እንዳለችው ነገርኳቸው። እትዬ ሰዓዳ ከጓዳ እየሰማች ነው። እሳቸው ኮታቸውን እንደለበሱ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ።

«ለምን አለች?»

«ለምን ስህተት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም አለች።»

በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። «ውሰጂኝ» አሉኝ። በባጃጅ ወረድን።

አያ እንድሪስ ሲያያቸው ተነስቶ ቆመ። «አንቱ ነዎት የከሰሷት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ቀረዎት ታዲያ?»

«ያላስተማርኳት ቀረኝ» አሉና ኮታቸውን አውልቀው፣ ሲያወልቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ቁጢጥ አሉ። ስንጥር አነሱ። ዘይነባ መጥታ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ኤክስ ከሦስት ያንሳል ተብሏል። አንድ እንበለው። አንድ ሲቀነስ ሦስት?»

«ኔጋቲቭ ሁለት።»

«በራሱ ሲባዛ?»

«አራት።»

«የአራት ስኩዌር ሩት?»

«ሁለት።»

«አሁን ያንቺን መልስ በአንድ ሥሪው።»

«ኤክስ ሲቀነስ ሦስት… አንድ ሲቀነስ ሦስት… ኔጋቲቭ ሁለት።» ቆመች። «ሁለት መውጣት ነበረበት።»

«ነበረበት።»

አሸዋውን አየች፤ በጣቷ ገልብጣ ጻፈችው። «ሦስት ሲቀነስ ኤክስ። እንዲህ ከሆነ ሁለት ይወጣል።» ፈገግ ያለች መስሎኝ ነበር፤ ግን ቀና ብላ በጥርጣሬ አየቻቸው። «በዜሮም ልየው» አለችና ሞከረች፤ ሦስት ወጣ። «በኔጋቲቭ አራትም» አለች፤ ሰባት ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ያመነቻቸው።

ጋሽ ይመር ስንጥሩን ጣሉ። «ልጄ፣ ይህ ማንም የሚሳሳተው ስህተት ነው። እኔ የሌባ ምልክት አደረግሁት። እታገኝ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ስትጽፊ እንዳልሰረቅሽ አውቄያለሁ፤ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ፤ አፉ በይኝ።»

ዘይነባ አባቷን አየች። አያ እንድሪስ አሸዋው ላይ የተጻፈውን አየ።

«አፉ ማለት የሷ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔ የምለው ሌላ ነው። ስሟን በሰልፍ ላይ ነው የጠራችሁት። ገበያ ስወጣ ‹የሌባዋ አባት› ይሉኛል። ከጠራችሁበት ቦታ መልሱልኝ። ያኔ ትገባለች። አለዚያ አሸዋ ላይ የተባለውን ውሃው ይወስደዋል።»

ፈተናው በእውነት ወጥቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወሬውን ማን እንዳመጣው የምጠረጥረው ሰው አለ፤ ማስረጃ ስለሌለኝ አልጽፈውም። ወይዘሮ ጦቢያ በዓመቱ ሥራዋን ለቀቀች፤ ይቅርታ የጠየቃት የለም። ጋሽ ይመር ከኃላፊነት ተነስተው ጥቂት ሠሩና ወደ ውጫሌ ተመለሱ፤ አሁን ዐርፈዋል። ዘይነባ ተምራ የመንገድ ቀያሽ ሆናለች፤ ደሴ ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሃያ ጊዜ ቢሆን ሃያ ጊዜ ልጅ ሲሳሳት መጀመሪያ «ለምን» የሚለውን እነግራለሁ፤ መጠርጠሩን በኋላ እደርስበታለሁ። ከዚያ እሑድ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት ግን እንዲህ ሆነ።

ምክትሉ አልፈቀደም፤ ጋሽ ይመርም አላስፈቀዱም። መዝሙሩ እንዳለቀ ወደ መድረኩ ወጥተው ድምፅ ማጉያውን ከማስታወቂያ አንባቢው ተማሪ እጅ ወሰዱ። ልጆቹ ተንሾካሾኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ የዓሣ ማጥመጃ ልብሱን እንደለበሰ፣ አያ እንድሪስ ልጁን አጠገቡ አቁሞ ይጠብቃል።

«እኔን ታውቁኛላችሁ» አሉ ጋሽ ይመር። «ያለማስረጃ አትመኑ እያልኩ ነው ያስተማርኳችሁ። ባለፈው ዘይነባ እንድሪስ ፈተና ሰርቃለች ተብሎ እዚህ ተነግሯል። የከሰስኳት እኔ ነኝ። ማስረጃ አልነበረኝም። አልሰረቀችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ምክትሉ ወደ መድረኩ እየሄደ ነበር፤ መሃል ላይ ቆመ። መምህራኑ እርስ በርስ ተያየን።

አያ እንድሪስ አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ «ሰምተናል» አለ፤ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና በሩን በአገጩ አመለከታት።

«ግቢ።»